የሳፋዬ ዋጋ

የጉዶ በረት ነፋስ በር አንኳኩቶ አያውቅም፣
ዘመድ ነኝ ይላል መሰል፣ ግቡም እስኪሉት አይጠብቅም።
ባቄላዬን ከነአበባው፣ ቆርቆሮዬን ከነምስማሩ፣
አንዴም ያሰጣሁትን ጋቢ ወስዶብኛል ከአጥሩ።
ጋቢውን በሳምንቱ ገደል አፋፍ ላይ አገኘነው፤
ቆርቆሮው ግን የማን ጣሪያ እንደሆነ
እሱ ነው የሚያውቀው።

ሃያ ዓመት ረገምኩት።
አበጋዝ ግን ደጅ ቆሞ እንደ በሬ ገዢ ያየዋል፤
«ጉልበቱን እይ! ቀንበር ያጣ ወይፈን እኮ ነው» ይላል።

ባሌ ነው። ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ቡሎን ፈታ፤
ስሟ ብርሃን ከሆነ ከተማ ሲመለስ ያመጣው ሀብት፦
አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቪቴ፣ የሞተ የአይሱዙ ዲናሞ፣
እና የማይለቅ ሳል፣ ማታ ማታ።

ከራሳችን በላይ ወፍራም ሽቦ ያልፋል፣ ከተራራ ወደ ተራራ፤
ጉምጉምታው ለእኛ፣ መብራቱ ለሌላ ስፍራ።
ስልካችን ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን ገበያ ይወርዳል፣
በአሥር ብር ጠግቦ ይመጣል፣
ሰኞ ተርቦ ያድራል።

አንድ ማለዳ ልብስ ላጥብ ብወጣ ሳፋዬ የለም።
ሰማያዊው፣ አበባ ያለበት፣
አክስቴ ለሠርጌ ከሞላሌ በራሷ የተሸከመችው።
ከጓሮ አገኘሁት፤ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ፣
አበጋዝም ሞረድ ይዞ ዝም፣ ላቡ በአንገቱ ተንጠብጥቦ።
«ክንፍ ነው» አለኝ።
ክንፍ! ልጆቼን ያጠብኩበት!
ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው
ከይርገዱ ሳፋ ተበድሬ
የእኔን አጠብኩ፣ የእሱን ልብስ ተውኩት።

የብስክሌት ቸርኬ ላይ ክንፎቹን በቡሎን አሰራቸው፣
ቺንጋ ወደ ዲናሞው አዞረ፣ ባሕር ዛፍ ጫፍ ሰቀላቸው።
«ለወፍ ነው?» አሉት ጎረቤቶች። «ለሰው ነው» አላቸው።
ነፋሱ መጣ። ጠመደው!
የሳፋዬ አበባ ሰማይ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀለበት ሆነ፤
አምፖሉ ቦግ አለ፣
ጧ! አለ፣
ባነነ።
ሌሊቱን አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ በሮ
ፈጀው የይርገዱን አውራ ዶሮ።
ዶሮውን ከፈልን።

ከዚያ ሳሉ ባሰበት፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስተኙት።
ቤቱ ጨለመ አልልም፣ ድሮም ጨለማ ነበር።
ግን የቀሩት ሁለት ክንፎች ሌሊት ሌሊት
እንደታሰረ ከብት ሲያቃስቱ እሰማለሁ።
ኩሽኔታው ደርቋል።
ይህን አውቃለሁ፤ ሳላናግረው በነበረ ጊዜ እንኳ
ጆሮዬ ይማር ነበር።

ግራሶ በጣሳ ይዤ መሰላል ወጣሁ።
ይርገዱ ከታች «አንቺ ሴት! አንቺ ሴት!» ትላለች፤
ነፋሱ ቀሚሴን ይነጥቃል፣ እጄ ቡሎኑን ይዛለች።
ሦስተኛውን ክንፍ ከተረፈው የሳፋ ቂጥ ቆረጥኩ፣
ከሌሎቹ ጋር በእጄ እንደ ቅቤ ሻጭ መዘንኩ፤
ሲከብድ ሞረድኩ፣ ሲቀል ዶቃ ሽቦ ጠመጠምኩ።

ሲመለስ መሽቶ ነበር። ሚኒባሱ ከአስፋልቱ አወረደው፤
ቁልቁል አየና «ያ መብራት የማን ነው?» አለ አብሮት የወረደውን ሰው።
ገባ። አምፖሉን አየ፣ እጄን አየ፣
ግራሶው በጥፍሬ ሥር ገና አልለቀቀም።
ወጥቶ ዘንጉን አንጋጦ ብዙ ቆየ።
«ሚዛኑ ትንሽ ያጋድላል» አለኝ።
ምስጋናው ይኸው ነው፤ ሌላ አልጠበቅሁም።

ነፋስ የጠፋ ዕለት አሁንም ጨለማ ነን፣ አልደብቅም።
ባትሪው አሮጌ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አይዘልቅም።
ያን ጊዜ ደጅ እወጣለሁ፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤
ያ ሃያ ዓመት የረገምኩት
«የት ቀረ?» እላለሁ፣ እራቱ እንደቀዘቀዘበት ሰው።

ትናንት ይርገዱ መጣች። «ለእኔም ሥሩልኝ፣ ስንት ነው?»
አበጋዝ ሳሉን አስታኮ ዝም አለ፤ ዋጋ መጥራት አይችልበትም።
እኔ ግን እችልበታለሁ።
ስለ ዶሮው ብዬ የእጃችንን ተውኩላት።
«ሁለት ሳፋ አምጪ» አልኳት፣
«አንዱ ለክንፍሽ።
አንዱ ለእኔ፤
ሰማያዊ ይሁን። አበባ ያለበት።»