ሰሙ እኛ ቤት ቀረ

ካውያችን ሰም ሰም ይሸታል፤
የሰንበት ሸሚዜን ስተኩስ ጠብታው ኮሌታዬ ላይ ይቀራል።
ልጄ ናት፣ ኖጋ፣ ማታ ማታ
የስኪዋን ሆድ በሱ ስትቀባ አምሽታ።

በሐምሌ፣ ቂርያት ሽሞና አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ጎማ ያለው ስኪ ተጫምታ በአቮካዶው እርሻ መሃል ስትሮጥ፣
"አንቺ፣ በረዶው የታለ?" ብሎ ባለ ጭነቱ ሲስቅባት፣
ጥሩንባ ሲነፋባት፣
በሁለት ዱላዋ መንገዱን እየወጋች ታልፈዋለች፤
ሲመሽ በሩን ከፍታ "ገባሁ" ትላለች።
ሌላ ወሬ የላትም።

እኔ በረዶን የማውቀው በጠላትነት ነው፤
ሽንብራችንን ባበባው የመታው፣
አባቴን እርሻው ዳር አስቀምጦ ዝም ያሰኘው።
እሷ ግን ትሄድበታለች፤
ከሄርሞን አናት ሲጠፋ ታኮርፋለች።

አምስት ሆነው ሄዱ። አምስት ሰው ላንድ አገር።
አሰልጣኙ አርካዲ ራሱ ሹፌር፣ ራሱ ወጌሻ ነበር።
"ኖርዌዮቹ ለሰም ብቻ ሙሉ መኪና አላቸው" አለችኝ በስልክ፣
"እኛ ያንተ ካውያ አለን።" ሳቀች።

የውድድሩ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት መጣ፤
ማዛል ከሦስተኛ ፎቅ የሱፍ ፍሬ ይዛ፣
እኔ በተጨማደደ ሸሚዜ ወንበር ሳወጣ።
ተናጋሪው "ጓንጉል" ማለት አቃተው፤
"ጋን... ጉዋን..." ብሎ ሦስቴ ሞክሮ ተወው።
የአባቴ ስም ነው። እርሻው ዳር ዝም ያለው።
እየተሰናከለም ቢሆን በረዶ ላይ ተጠራ።

ኖርዌዮች ገቡ፤ ስዊድኖች ገቡ፤
ካሜራዎቹ እነሱን ከበቡ።
"ሰምና ወርቅ" ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፤
ለማዛል በምን ቋንቋ ላስረዳት?
ወርቁ እዚያ፣ ሰሙ ኮሌታዬ ላይ።

ከዚያ ማስታወቂያ መጣ። ሳሙና። እድፍ የሚያስለቅቅ።
ከዚያ የአየር ትንበያ፤ ከዚያ ሌላ ፕሮግራም።
ልጄ ገና ጥዱ መሃል ነበረች፣ ማንም አላሳየንም።
ማዛል ቴሌቪዥኑን በጥፊ አለችው። አልረዳንም።
ጎረቤቱ አንድ ባንድ፣ እግሩን እየጎተተ ወጣ።

ወንበሮቹን እየመለስኩ ሳለ ስልኬ ብልጭ አለ።
ከሰማንያ ሦስት ሰማንያ አንደኛ፤
ይህን እንኳ ኋላ ነው ከአርካዲ የሰማሁት።
እሷ የላከችው አንድ ቃል ነው፣
ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ባስተማርኳት ፊደል፣
"ሁ"ን በ"ው" ለውጣ፦

ገባው።