በ«ፒክ» እና በ«አፕ» መሀል

ግሪምስቢ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣
ዝናብ መስኮት ሲደበድብ፣ ወደቡ በጉም ሳይታይ፣
ዘጠኝ ወንበር፣ ስምንት ሰው፣ አንድ የሚያቃስት ማሞቂያ፣
የዓሣ ፋብሪካ ሽታ ያልለቀቀው የጃኬት መስቀያ።

ወይዘሮ ብላንቻርድ ጠመኔዋን እንደ ሲጋራ ይዛ፣
«ዛሬ አንድ ግሥ ብቻ» አለች፣ «ግን ትርጉሙ የበዛ።
‹ፒክ› ብቻውን መልቀም ነው፤ ‹አፕ› ብቻውን ወደ ላይ፤
ሲጋቡ የወለዱት ልጅ አንዳቸውን አይመስል ሲታይ።»

እኛስ ብንሆን «ብድግ አለ» ስንል፣
ማን ሰምቶ ያውቃል «ብድግ» የሚለውን ቃል?
ሰውዬው ተነሣ እንጂ ትንፍሽ አላለም፤
ጓዳ የሌለው ቋንቋ የለም።

ቢች፣ ጥፍር ቀቢዋ፣ ስልክ ሲጮኽ ፒክ አፕ አደረገች፤
ዶሚንጋስ ልጇን ከትምህርት ቤት ፒክ አፕ ልታደርግ ሄደች፤
ዳይንዩስ «ጉንፋን ፒክ አፕ አደረግሁ» ብሎ ሲያስነጥስ፣
ክፍሉ ሳቀ፤ «ልክ ነህ፣ ይማርህ! አፍንጫህ ለሰዋስውህ ዋስ።»

ራሙኔ ግን ከኋላ፣ የአረጋውያን ቤት የሌሊት ተረኛ፣
ከሥራ ወጥታ የመጣች፣ ቀኑን ሳትተኛ፣
ወረቀት ዘረጋች፣ የአደጋ መዝገብ ቅጂ፣
ምን እንዳጠፋች ያልገባት፤ ቀዩን ቀለም አየች እንጂ።
«ሚስተር ኦስገርቢ ወደቀ። አይ ፒክ አፕ ሂም።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ስብራት የለም። ደም የለም።»

መምህርቷ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ጠመኔዋን አነሣች፣
ሁለቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ አራርቃ ጻፈች፣
በመካከላቸው የአንድ ሰው ስፋት ቦታ ተወች።

«ስም ከሆነ ልቀቂው፤ መሀልም ዳርም ይቆማል፤
‹ሚስተር ኦስገርቢ› ረጅም ነው፣ በራሱ እግር ይሄዳል።
‹ሂም› ግን፣ ‹እሱን› ማለት፣ ትንሽ ናት፣ ጉልበት የላትም፤
ከ‹አፕ› ኋላ ከጣልሻት ወድቃ ትቀራለች፣ አትነሣም።
መሀል አስገቢያት፤ ‹ፒክ› በግራ፣ ‹አፕ› በቀኝ ደግፈው ይያዙ፤
እንደዚያ ነው ደካሞች ከወለል ተነሥተው የሚጓዙ።»

ራሙኔ ጻፈች፣ ሠረዘች፣ ደግማ ጻፈች፣ አሥር ጊዜ፤
በአፏ ግን ‹ሂም› ሾልካ ወደ ዳር ትወጣለች ሁልጊዜ።

ጮኸ በዚያው ሌሊት የክፍል አሥራ አራት ደወል፤
ኦስገርቢ ተዘርግቷል፣ ጉንጩን አጋድሞ ከወለል።
ሠላሳ ዓመት ከበረዶ ባሕር መረብ የጎተተ ትከሻ
ዛሬ ራሱ እርጥብ መረብ ነው፤ መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ።
ራሙኔ ከግራ ብብቱ፣ ማሪቴስ ከቀኙ ገባች፤
አንድ፣ ሁለት፣
ብድግ።
መሀላቸው ያለውን ያን ጊዜ አየች።

«‹አይ ፒክ አፕ ሂም› ብዬ ጽፌ» አለችው ስታለብሰው፣
«በቀይ ሠረዙብኝ።» ሽማግሌው፦ «‹ሂም› መሀል ነው።»
ዓይኑ ግድግዳውን አልፎ ሄደ።
«ከአይስላንድ ወዲህ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ፣ ዘጠኝ ነበርን።
ሌላ መርከብ ደረሰ። ፒክት አስ አፕ፤ ሰባታችንን።
ወንድሜን፣ ክላይቭን ግን . . .» ከንፈሩን በምላሱ አራሰ፤
«ዴይ ዲድንት ፒክ ሂም አፕ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

የእኛ ግሥ «አላነሡትም» ሲል እሱን በሆዱ ይውጠዋል፤
የነሱ ግሥ ግን መሀል ላይ፣ ለዓይን ገልጦ ያቆመዋል።
ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ‹ሂም› በደንቡ ቦታ ነበረ፤
በግራ ቃል፣ በቀኝ ቃል፤
እጅ ግን አልነበረም። እሱም እዚያው ቀረ።

ንጋት ላይ መዝገቡን ከፈተች። ሰዓት፣ ክፍል፣ ጉዳት፤
«ዊ ፒክት ሂም አፕ»፤ ቀይ ብዕር የማያገኝባት።
ከዚያ ለማክሰኞ፣ እንዳትረሳው፣ መዳፏ ላይ ጻፈችው፦
«ያልተነሣም ሰው፣
መሀል ነው የሚገባው?»