የላስቲኩ ዓመት

እሪ በከንቱ ላይ፣ ከወንዙ አፋፍ ዳር፣
አንድ ክፍል ቤት አለን፣ ባንድ ጭቃ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር፤
የእትዬ ደብሪቱ ሳል እኛ ቤት ያድር ነበር፣
የኛም ሹክሹክታ እሳቸው ጋ ይሰፍር።

ዕቁብ ደረሰኝና በሃያኛው ሳምንት
ስፖንጅ ፍራሽ ገዛሁ፣ ሜትር ከሃያ ስፋት፤
ከተክለ ሃይማኖት በእጅ ጋሪ አስጭኜ፣
ካፊያ እንዳይነካው እኔ ከላይ ሆኜ፤
"ወይ ሙሽራ!" አለ አንድ ሊስትሮ ሲያየኝ፣
እውነትም ያን ለታ ሠርጌ መሰለኝ።

ዘርጋው ላስቲኩን ሊቀድ በጥርሱ ሲይዘው፣
እጁን ቸብ አረግሁት፦ "እንዳትነካው! ተወው!
እንዲህ እንዳለ ነው አሥር ዓመት የሚከርም፤
አቧራ አይገባው፣ ላብ አይደርስበትም፣
ትኋን ስንት ጥርስ ቢኖራት ላስቲክ አትበሳም።"
እግሩን ሳይታጠብ እንዳይወጣ ከለከልኩ፤
ሻይ እንዳይጠጣበት ባባቱ ስም አስማልኩ።

ሌሊት ግን ላስቲኩ ምላስ አበቀለ፦
ጎኔን ባዞር ኮሽ አለ፤
ዘርጋው እጁን ቢሰድ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ አለ፤
ከግድግዳው ማዶ ሳሉ ጸጥ አለ።

ጠዋት ቧንቧው አጠገብ እትዬ ደብሪቱ
"አይጥ ገባብሽ እንዴ? ኮሽ ሲል አደረ ቤቱ፤
ድመቴን ላውስሽ?" አሉኝ፣ ሳይሥቅ ፊታቸው፤
ባልዲዬን ሳልሞላ ሸሸሁ ከዓይናቸው።

ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ እንደ ፎቶ ተኛን፣
እሱ ከግድግዳው፣ እኔ ከጠርዙ ሆንን፤
መሀሉ ሳይነካ እንደ ሱቁ ኖረ፤
ለማን እንደሚቆይ ማንም አልተናገረ።

ሐምሌ ገባ። ጣራው ከላይ ሲደበደብ
ፍራሹም ከሥራችን ጀመረ ማላብ፤
ጀርባችን ሽፍ አለ፣ ቤቱ ሸተተ ሻጋታ፤
ወንዙን ሰደብኩት ጠዋትና ማታ።

ጳጉሜ ላይ ጋሽ ሙዘይን መጡ፣ ፍራሽ ሰፊ፣
ጉልምስናቸውን ጥጥ ላይ የጨረሱ ነዳፊ፤
አንድ ጥግ ገለጡ፤ አፍንጫቸውን ሰኩ፤
ጥቁር ነጠብጣቡ፣ ኑግ የረጩ መስሎ፣ ታየ ከላስቲኩ።
"አንቺ ልጅ፣" አሉኝ፣
"በቁሙ ከፈንሽው።

"ስፖንጅ ጠላቴ ነው፣ እንጀራዬን ቀምቶኛል፤
ግን እውነት ልንገርሽ፣ እሱም ይተነፍሳል፤
ሌሊት የጠጣውን ቀን መትፋት ይሻል።
ይሄን ጣይውና አቡጀዲ አልብሺው፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ አስጪው፤
በዱላ አትምቺው፣ ጥፋት የለበትም፤
ስፌት ስፌቱን ጥረጊ፣ እዚያ ነች ትኋንም።
በወር በወሩ ደግሞ ራስጌው ግርጌ ይሁን፣
ጎን ለጎን ተኙና አታጎድጉዱት ዳሩን።"
(ዳሩን ሲሉ ዘርጋውን አዩት።)

ዘርጋው ዓመት በጠበቀ ጥርሱ ያዘው፤ አለ ጥርስስ!
ሲቀደድ ተሰማ እስከ ፒያሳ ድረስ።
ኑጉን በሎሚ አሸሁት፤ እኩሌታው ለቀቀ፤
ቆርቆሮው አጥር ላይ ፍራሹ ሲሞቅ ደረቀ።

ማታ፣ ጎኔን አዞርኩ። ዝም።
ዘርጋው እጁን ሰደደ። ዝም።
ከግድግዳው ማዶ ብቻ እትዬ ደብሪቱ
ሳላቸውን ቀጠሉ፣ እስኪነጋ ሌሊቱ።

አሁን መሀሉ ላይ አንድ ካርታ አለበት፣
ሰኔ ላይ የመጣች ልጃችን ያተመችበት፤
ሳሙናም አልቻለው፣ ሎሚም አለቀበት።
ፀሐይ ላይ ሳሰጣው እትዬ ደብሪቱ
በከዘራ ጫፍ ያሳዩኛል፦ "ይቺ ጎጃም፣ ዓባይ ይኸው ምልክቱ።"

ወሩ ሲብት ዘርጋው ራስጌውን፣ እኔ ግርጌውን ይዘን፣
"ባንድ... በሁለት..." ብለን፣
ጎጃምን ወደ ታች እናዞራለን፤
እስከሚቀጥለው ወር።