አምስት ባይት

ዮቅነዓም ላይ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት አልፎ፣
የኤልዳድ ኮድ ፊቴ ነው፣ በቀይ በአረንጓዴ ተሰልፎ።
በየፈንክሽኑ ደጃፍ አምስት ባይት ዝምታ፣
ወደ ጥሪ ሊለውጠው፣ ማሽኑ ሳይቆም ላንድ አፍታ፤
የመንገደኛን ጫማ
እግሩ ሳያርፍ መስፋት ነው፣ መርፌው ሳይሰማ።

ሕጉን ከንፈሬ ያውቀዋል፦
በፊተኛው ባይት ላይ ወጥመድ ይቀመጣል።
ይጠበቃል፣ ኮሮቹ ሁሉ እስኪያዩት።
ከኋላ ያሉት አራቱ ይጻፋሉ።
ዳግም ይጠበቃል።
ያኔ ብቻ ወጥመዱ በአዲሱ ይተካል።

ኤልዳድ ሁለተኛውን መጠበቅ ዘሎታል።
ሺህ ጊዜ ሞክሮታል፤ ሺህ ጊዜም አልፎለታል።
ግን አንድ ኮር፣ ከእንቅልፉ ዘግይቶ የነቃ፣
ግማሹን ከአሮጌው፣ ግማሹን ከአዲሱ ያነባል፤
የማንም ቋንቋ ያልሆነ ቃል።

እንዲህ ያለ ቃል አውቃለሁ።
መቀበያ ጣቢያው ውስጥ፣ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል
"ፈንታነሽ"ን ሰርዛ "ሲጋል" አለችኝ።
ከእኔ በፊት ለሞተችው ፈንታ ነበርኩ፤
ለፈንታዋ ደግሞ ፈንታ አበጀችልኝ።
ወረቀቱ በአንድ ደቂቃ አለቀ።
አባባ ጋ ግን አልደረሰም፤
ስንት ዓመት ሙሉ፣ ከሕንጻው ደረጃ ሥር፣
"ፈንጋል!" እያለ ተጣራ።
እኔም "አቤት" አልኩ።

"እዚህ ጋ ጠብቅ" ብዬ ጻፍኩ፤ "ሁሉም አላየም።"
ጠዋት፣ የአፉላው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ መልሱ መጣ፦
"ሙከራው አልፏል እኮ። ያላየው ማን ነው?"