ቁጥር ሠላሳ ሰባት

ደንቡ ከጎንደር ወረደ፣ ማክሰኝት ገባ ሰኞ ጧት፣
አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ ክብ ማኅተም ያለበት፤
«አገር በቀል ዛፍ ሁሉ፣ በከተማው ክልል፣
ይቆጠር፣ ይመዝገብ፣ ያለ ፈቃድ አይነካ» ይላል።

ለእኔ መዶሻ ደረሰኝ፣ ግማሽ ኪሎ ምስማር፣
ስልሳ ቆርቆሮ ሰሌዳ፣ በቀይ ቀለም ቁጥር።
መቼስ ምን ይባላል፤
ጥበቃም በምስማር ይጀመራል።

የጤና ጣቢያውን ግራር አንድ ብዬ መታሁ፣
ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ወይራዋን አገኘሁ፣
ጽድ፣ ብሳና፣ ሾላ፣ ስወርድ በመንገዱ
ልጆች ተከተሉኝ፣ እየቆጠሩ በየግንዱ።

መናኸሪያው በር ላይ፣ ዋንዛዋ ጋ ደረስኩ፣
ሠላሳ ሰባትን ከከረጢት መዘዝኩ።
ልብስ ሰፊው ዳምጠው ከሥሯ ነው ሲንጀሩ፤
«ቀስ ብለህ ምታ» አለኝ፣ «አጥንቷን እንዳትነካ፤
እኔ ሰው ስለካ፣ እሷ እኔን ስትለካ
ሃያ ዓመት ሞላን እኮ።»
መታሁ። አንዲት ጠብታ
ወረደች በቆርቆሮው። የማን ናት ይቅርታ?

በኅዳር አቶ አሻግሬ መጡ፣ ቦታውን በሊዝ የያዙት፣
ባለ ሦስት ፎቅ ሊያቆሙ፣ ዋንዛዋ ባለችበት።
ደንቡን በደንብ አንብበዋል።
ጣታቸው አንቀጽ አሥር ላይ፣
«ቅጣቱ አምስት ሺህ» አሉ፣ «የአንድ ሱቅ የሳምንት ኪራይ!
እንካ ብሩን ቁጠር፤ ጊዜ አንፍጅ በከንቱ፤
አንተ ደረሰኝ ቁረጥ፣ እኔ ዛፏን፤ በቃ፣ ይኸው ነው ብልሃቱ።»

ዝም አልኩ። አሥራ አንዱን ገጽ አንድ በአንድ ገለጥኩ፤
ሳይበድል ስለሚክስ ሰው
መስመር ፈለግኩ፣ ፈለግኩ።

ድሮ ዳኛ ከዚች ሥር ነበር የሚቀመጠው፤
«በላ ልበልሃ!» ሲል፣ በትሩን ተደግፎ ያ ባለ ጉዳይ ሰው፣
ጥላዋ ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል ነው።
ዛሬ ነገሩ በራሷ መጣ፤
ዋስ ጥሪ ብትባል ከየት ታምጣ?

እኔስ ምን አለኝ? ወንበር፣ ማኅተም፣ የቀለም እድፍ እጄ ላይ።
ግን አንዲት ቃል አለችኝ፣ አገር የሚረግማት፣
ወረፋ የቆመ ሁሉ በሕልሙ የሚሰማት፤
ያኔ ትዝ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ደረሰኙ አልቋል። እባክዎ ነገ ይምጡ።»
ነገ መጡ። ገንዘብ ያዧ ስብሰባ ወጡ።
ነገ መጡ። የካዝናው ቁልፍ ጎንደር ነው።
ነገ መጡ። መብራት የለም።
ነገ መጡ። ሲስተም የለም አልናቸው።

ይኸው ሦስት ክረምት ወጣ፤ አበባዋ ነጭ ሆኖ
በባጃጆች ጣራ ይረግፋል፣ የዳምጠውን ጨርቅ ሸፍኖ።
ሕግ ነው ያቆማት? እንጃ፤ ስንፍና ሳይሆን አይቀርም።
ብቻ ስንፍና ነው ቢሉኝም፣ በዚህችስ አላፍርም።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ልጧ እያደገ
የቆርቆሮውን ጠርዝ ዋጠ፤ ሦስትን ሸሸገ።
ሰባት ብቻ ቀረ። በመዝገቡ ላይ ግን ሰባት
የደረቀ ብሳና ነው፣ «ይቆረጥ» የተባለለት።

ስለዚህ በየወሩ መባቻ፣ መናኸሪያው ሲዘጋ፣
ካራ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ እሷ ስጠጋ
ዳምጠው ዞር ይልልኛል።
ልጧን በስሱ እገልጣለሁ፣ ሦስት ቁጥር እስኪነበብ፤
በቁስሏ ነው የምትድነው፣ እንዲህ ነው የኛ ጥበብ።

አንቀጽ ዘጠኝ ይከለክላል፦ «ልጥ የላጠ፣ ግንድ የወጋ…»
አምስት መቶ ብር ነው ቅጣቱ። አውቃለሁ።
ለራሴም ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤
ነገ።