የካሜራው እግር

በዲዬፕ ወደብ ዳር፣ ፖሌ በሚሉት ሰፈር፣
አናጢ ነበርኩኝ፣ የተሰበረ ጀልባ ስጠግን የምኖር።
አንድ ቀን ማለዳ መጣች ሶላንዥ ለቫቫሰር፣
በወንድሟ ካፖርት፣ በተዋሰችው ካሜራ፣ በብድር።

«ደረጃው ጠባብ ነው፤ አልቆም አለኝ ይሄ ባለ ሦስት እግር።
አንዱን አሳጥርልኝ፤ ባሰመርኩበት ቁረጥ፣ ሌላ የለም ነገር።»
አራት ጣት ነው ያለች። እኔ ግን ያን ጠዋት
ልቤ ዕዳዬ ላይ ነው፤ ስንዝር ቆረጥኩላት።

ዘመመ ካሜራው። የመበለቷ ቤት፣ አልጋው፣ መስኮቱ፣
ባሕሩም ወደ ግራ ሊደፋ ደረሰ፣ ከነጀልባው፣ ከነመብራቱ።
በመጀመሪያው ምሽት ሰባት ሰው ገባ፤ አንዱ አንኮራፋ።
ጋዜጣው «ፊልሙ ሰክሯል» አለ።
የተቆረጠው እግር ነው፤ አልተቆረጠም ተስፋ።

ዐሥራ አንድ ፊልም ሠራች፣ ሁሉንም በዚያው እግር።
አዲስ ልሥራልሽ ብላት፣
«ተወው ዤርቬ» አለች፣ «አልጋ ላይ ሆኖ ለሚያይ በሽተኛ
ቤቱ መቼ ቀና? እስቲ በሱ ዓይን ይያት ዓለምን ጤነኛ።»

በብራስልስ፣ በፖርቶ፣ በቡዳፔስት ልጆች መጋዝ ገዙ፤
ደህናውን እግር ሁሉ በስንዝር በስንዝር ገዘገዙ።
ሊቃውንቱም ጻፉ፦ «የዘመመ ዘመን፣ የዘመመ ምስል»፤
ትምህርቱ ከማን መጋዝ እንደ ወጣ የማውቀው እኔው ነበርኩ፣
አርባ ዓመት ዝም ስል።

በጥር ቀበርናት፤ ዝናቡም ዘንበል ብሎ ይዘንብ ነበር።
ቦዠና የምትባል ልጅ ከዋርሶ መጣች፣ ሜትር ይዛና ደብተር።
«ስንዝር ለምን ሆነ? ምን ይሆን ምስጢሩ?» ስትለኝ
ልናዘዝ አፌን ከፈትኩ። የሟች ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን፤
ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር የተሸጎጠ ቁራጭ እንጨት አየን።

አወቅሁት፤ የኔው ቁራጭ ነው። ከጫፉ አራት ጣት
በእርሳስ ያሰመረችው መስመር አለ፣ መጋዜ ያልነካት።

ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ኖሯል፤ አንድ ቃል አላለችም።
ዓለምን አዝምማ፣
እራት የምትበላበትን ጠረጴዛ ግን አላዘመመችም።

«ምስጢሩ?» አለች ልጅቷ፣ ሜትሯን ዘርግታ።
ቁራጩን መልሼ ሸጎጥኩት በቦታው፤
«ሾርባ እንዳይፈስ ነው» አልኳት።
እሷም ጻፈች፣ ቃል በቃል፣ በእርጋታ።