ስኳር በጠፋበት ወር

ሰኞ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት፣
ኦቦ ደቻሳ ደረሱ፣ በዘበኛ ካፖርታቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ በውሃ ጥማት።
«ሌሊት አራቴ አምስቴ ያስነሳኛል» አሉኝ አፍረው፣ አቀርቅረው፤
«ምች ነው ብለው በዳማከሴ አሹኝ፤ ዓይኔ ግን ጭጋግ እንደለበሰ ነው።»

ጣታቸውን ወጋሁ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
«ስኳር ነው» አልኳቸው።
ሳቁ፤ የምራቸውን፣ አግዳሚው እስኪንቀጠቀጥ፦
«ሸማቾች በር ሦስት ወር ተሰልፌ ‹ስኳር አልገባም› ሲሉኝ፣
ለካስ እዚህ ደሜ ውስጥ ኖሯል ያከማቹልኝ!»

ወረቀቱን አነበብኩ፤ ከላይ የመጣ፣ በኮፒ ብዛት የደበዘዘ ቃል፦
በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤
ጥራጥሬ ማዘውተር፣ ሽምብራም ምስርም ይመረጣል፤
ሩዝና ማካሮኒ ይቀነስ፤ ለስላሳ ጨርሶ ይቀራል።

ዝም አሉ። በመስኮቱ አሻግረው አዩ።
«ያ ልብስ የተሰጣበት፣ ብሎክ አርባ ሰባት፣ ታየሽ?
የእኔ የሽምብራ ማሳ ነበር፤ መረሬ ነው፣ ውሃ ይዞ የሚከርም።
ግማሽ ሰዓት አልሽኝ? ከበሬ ኋላ ስውል
የእግሬን መንገድ ቆጥሬው አላውቅም።
ዛሬ የዚያው ብሎክ ጥበቃ ነኝ፤
በእርሻዬ ላይ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ።

«ምግቡንስ እኔ መች መረጥኩት? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ድስቴ ቀዝቅዟል፤
ሰው ነው የሚያበላኝ። ከልደት ቤት ኬክ ይወርዳል፣
ከሦስተኛ ፎቅ ማካሮኒ፣ ዘይቱ ከላይ የረጋ፤
ለቅሶ ቤት እንኳ ንፍሮው ቀርቶ ሩዝ ነው የሚዘረጋ።
እምቢ ልበል? የተዘረጋ እጅ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤
ጉርሻ የገፋ ሰው ተቀይሟል ነው የሚባለው።
ልጄ፣ ይህን ወረቀት ለእኔ አትስጪኝ፤
ለሃያው በር ጻፊው።
እኔ በላተኛ ነኝ፤ አብሳዩ ሰፈሩ ነው።»

ኮሌጅ ሳለሁ ለሕንጻ መድኃኒት ማዘዝ ያስተማረኝ አልነበረም።
ቅዳሜ ሄድኩ። ደረጃው ሥር፣ ከእድር መዋጮውና ከውሃ ተራው ማስታወቂያ ጎን ለጠፍኩት።
ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ሽምሴ ከጉመር ናቸው፤ «ቆጮስ?» አሉኝ።
ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ አጃ አለ፣ ብሮኮሊ አለ፤ ቆጮ የለም።
የጻፈው ሰው ቆጮ አያውቅም፤ እኔም ልነግራቸው አልቻልኩም።
የኮንሶው ኩስያ፣ «የሽፈራው ቅጠል አገር ቤት እንደ ጎመን ነው የምንበላው፣
እቀቅልላቸዋለሁ» አለ።
ወይዘሮ እልፍነሽ ግን ተቆጡ፦
«ለሰው የሽምብራ ንፍሮ? ምን አጡ ሊባል ነው?
እኔ በማካሮኒ ነው የማከብራቸው!»

ማንም አልሳቀ። እውነት ነዋ።
ልጅ ሆኜ እናቴ ከእንግዳ ፊት የምትደብቀው ድስት፣
ዛሬ እኔ በማኅተም የማዝዘው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት መቶ አርባ ሆነ። ገና ነው።
«ምርቃት ነበር» አሉ፣ «አንድ ጠርሙስ ለስላሳ…
የልጅቷ እናት እያለቀሰች ስትሰጠኝ!»
ከካፖርታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ እሸት አወጡ፤
ከብሎኩና ከአጥሩ መሃል፣ ስንዝር አፈር ላይ የዘሩት።
«አንቺስ» አሉኝ ሲወጡ፣ «የአንቺን ድስት ማን ያየዋል?»

ማታ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ በኪራይ ክፍሌ፣
የትናንቱ ማካሮኒ ድስቱ ላይ ተጣብቆ ጠበቀኝ።
እሸቱን መፈልፈል ጀመርኩ፤
ጣቴ ላይ ጨው ጨው፣ ኮምጠጥ የሚል ጤዛ ቀረ።
ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያስላል።
ስሙን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።